ለሊየን ፖ ማን ነገረው?

ዘውገ ነገሩን የሰማው በሰው አፍ ነው፤ ያውም በግማሹ። አዲስ አበባ የቀለበት መንገዱ ሲሠራ በገልባጭ መኪና አፈር ያመላልስ ነበር። ቦታው ጎተራ ይሁን መገናኛ ዛሬ አያስታውስም። የሚያስታውሰው፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከመኪናው ጥላ ሥር ጋደም እንዳለ፣ ከጎማው ወዲያ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌና አስተርጓሚው በተሰባበረ አማርኛ ሲነጋገሩ መስማቱን ነው። ሽማግሌው ቀያሽ ነበር፤ ጠዋት ከአንድ ፎርማን ጋር ተጣልቶ በሰው ፊት ሰድቦታል። አስተርጓሚው፣ እኛ አገር እንዲህ ሲሆን ያጠፋው ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይወድቃል አለው፤ ወይም ይህን የመሰለ ነገር። ሽማግሌው፣ በእኛም አገር ጥንት አንድ የጦር አበጋዝ ነበር፣ የሰደበው ሰው ደጅ ድረስ ትከሻውን ገልጦ እሾህ ተሸክሞ የሄደ፣ አለ። የአበጋዙን ስምም ጠርቶ ነበር፤ ዘውገ ግን አልያዘውም። ቀያሹ ሄዶ ፎርማኑን ይቅርታ ይጠይቅ አይጠይቅ አላወቀም፤ ፊሽካ ተነፋና ወደ መሪው ተመለሰ።

በግማሹ የቀረ ወሬ ከሙሉው ይልቅ ይከብዳል። ዘውገ ዲቪ ደርሶት ላስ ቬጋስ ሲገባ ያ ስም የለሽ አበጋዝ አብሮት ገባ። ትምህርቱ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የተቋረጠ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያወቀውን ሁሉ ያወቀው በጆሮው ነው። ካዚኖ ውስጥ የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን እየገፋ በአንድ ጆሮው የታሪክ ትረካ ይሰማል፤ ሁለተኛውን ጆሮ ሱፐርቫይዘሩ ለሥራ ተውልኝ ብሎታል። እንግሊዝኛው ከሮምና ከፋርስ ነገሥታት የተለቀመ ስለሆነ፣ ኦቨርታይም ሲጠይቅ እንኳ ምሽግ የሚያስለቅቅ ይመስላል እያሉ የሺፍት ጓደኞቹ ይስቁበታል።

እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ አንድ ቀን የምግብ አዳራሹን ምንጣፍ ሲያጥብ፣ ተራኪው ስለ አንድ አበጋዝና ስለ ተሸከመው እሾህ ማውራት ጀመረ። ዘውገ ማሽኑን አጠፋ። ሦስት ጊዜ መልሶ ሰማው። ስሙ ሊየን ፖ ነበር፤ ከጌታ ልደት በፊት ሁለት መቶ ምናምን ዓመት ላይ፣ ዣኦ የሚባል የቻይና መንግሥት አበጋዝ። ዘውገ አማተበ። ለምን እንዳማተበ ራሱም አላወቀም፤ ብቻ የጠፋ ዘመድ የተገኘ ያህል ተሰማው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ሰው የተባለውን ሁሉ እየፈለገ ሲያዳምጥ አንድ ዓመት ከረመ።

ታሪኩን የሚሰማለት ሰው ያገኘው በሻምበል ማኑ ሕመም ምክንያት ነው። ሻምበል የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው መድፈኛ ነበሩ፤ እዚህ ከመጡ በኋላ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። የከተማው ሐበሻ እድርም የተመሠረተው በእሳቸው ነው። ስምንት ሆነው ሲጀምሩት፣ ሬሳ የሚያነሣ ሰው ሲጠፋ በራሳቸው ትከሻ ያነሡ፣ ማንም የማያውቀውን ብቸኛ ሰው ቆመው ያስቀበሩ እሳቸው ነበሩ። አሁን ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሜዲካል ዲስትሪክት በሚሉት የሐኪም ቤቶች ሰፈር ካለ አንድ ክሊኒክ እጥበት ይሄዳሉ። ልጃቸው ሮሐ ከከተማው ዳር፣ ኢንስፒራዳ የሚባል ሰፈር ናት፤ ጠዋት ሥራ ስላላት አትደርስም። የዘውገ ሺፍት ከሰዓት ስለሆነ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት የሚያደርሳቸው እሱ ነው። የታመመ መጠየቅ ያለበት ግዴታ እንጂ ውለታ አይመስለውም፤ ስለዚህም ስለ ጉዳዩ ለማንም አውርቶ አያውቅም።

እጥበት አራት ሰዓት ይፈጃል። ሻምበል ወንበሩ ላይ ተኝተው፣ ደማቸው በቱቦ ወጥቶ በቱቦ ሲመለስ፣ ከፊታቸው ያለውን ቴሌቪዥን በጥላቻ ያዩታል። አንድ ቀን፣ አንተ ጆሮህ ላይ ሰክተህ የምትሰማው ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ዘውገም ነገራቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ሊየን ፖ የምሥራቁን ጎረቤት አገር ወግቶ ከተማ ሲይዝ፣ ስሙን የሰማ ሁሉ ሲሸበር፣ ሻምበል በጀርባቸው እንደተኙ አብረው ዘመቱ። ጥያቄያቸው የወታደር ነው። ወንዙ ስንት ሜትር ይሰፋል? ፈረሱ ምን ይበላል? ከኋላ ስንቅ ማን ይጠብቃል? ዘውገ የማያውቀውን ፈልጎ ለሚቀጥለው ቀን ይመልሳል። አበጋዙ ካረጀ በኋላ፣ ንጉሡ አሁንም ለጦርነት ይረባ እንደሆነ አይቶ እንዲመጣ መልእክተኛ ሲልክበት፣ ሊየን ፖ በመልእክተኛው ፊት አንድ ቁና ሩዝና አሥር ሚዛን ሥጋ በልቶ፣ ጥሩሩን ለብሶ ፈረስ ላይ እንደወጣ በሰሙ ጊዜ ሻምበል ከትከት ብለው ሳቁ።

"ከነፎስፈረሱ?" አሉ፤ ሥጋ ውስጥ አለ ብሎ ሐኪም የከለከላቸውን ማዕድን ጠርተው።

ቱቦውን ሊያይ የመጣው የማሽኑ ባለሙያ ሐበሻው ሱፊያንም፣ እንዲህ የሚበላ ታካሚ ለእኔ እንዳይደርሰኝ ብሎ አብሯቸው ሳቀ።

ዘውገ ግን ከታሪኩ አንድ ክፍል ዘልሏል። የዘለለውም ከሃያ ዓመት በላይ ይዞት የኖረውን፣ የእሾሁን ክፍል ነው።

ምክንያቱ ሲስተር ጸዳለ ነበረች። ጸዳለ አርባዎቹን የጀመረች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ እዚያው እጥበት ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት፣ አንድ የመካነ መቃብር አስተዳደር ለሐበሾቹ የሚሆን ቦታ፣ ያውም ሟች ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ የሚያርፍበት፣ ከልክሎ ነበር። ሻምበልና ጓደኞቻቸው ሁለት ጊዜ ሄደው ተቆጥተው ተመልሰዋል። ጸዳለ ደብዳቤ ጻፈች፣ ስልክ ደወለች፣ በአራት ስብሰባ ተቀመጠች፤ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ቦታውን አስፈቀደች። በመስከረሙ ጉባኤ አባላቱ የእድሩ ሊቀ መንበር አድርገው መረጧት። ሻምበል በዚያው ጉባኤ ተነሡና በሁለት መቶ ሰው ፊት፣ "እኔ አፈር ስዝቅ ይቺ የት ነበረች? በምላሷ ነው የተሾመችው፤ ስልክ ደዋይ!" አሏት። ጸዳለም አጎንብሳ ወረቀቷን ሰበሰበች።

ከዚያ ወዲህ ሻምበል ባሉበት አትታይም። ለቅሶ ቤት ሲገቡ በሌላው በር ትወጣለች። ክሊኒክም የጠዋት ነርስነቷን ትታ ወደ ማታ ሺፍት ሄደች። ሻምበል ይህን ንቀት ነው አሉ፤ ቀጥሎ ደግሞ ፈርታ ሸሸች አሉ፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ የጠየቃቸው የለም። ክንዳቸው ግን ዋጋውን ከፈለ። መርፌ ስትወጋ የማይታወቅባት እሷ ነበረች፤ የተኳት ደም ሥሩን እስኪያገኙት ድረስ የግራ ክንዳቸው በልዞ ከረመ።

እውነቱን የሚያውቅ ዘውገ ብቻ ነበር። አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ወረቀት ልትፈርም የመጣችውን ጸዳለን ፓርኪንግ ውስጥ አገኛትና፣ ምነው ጠፋሽ አላት። መጀመሪያ በፈገግታ ልታልፈው ሞከረች። በኋላ ቦርሳዋን መኪናው ላይ አስቀምጣ ነገረችው።

"ጋሼ፣ ሰው በጉባኤ ሰድቦኝ ሰኞ ጠዋት ክንዱን ለእኔ ይዘረጋል? ሻምበልን አታውቃቸውም? አይዘረጉም። እቤታቸው ይቀራሉ። እጥበት የቀረ ሰው ስንት ቀን እንደሚቆይ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።"

ሰዎች ፈራች ይላሉ አላት ዘውገ። ጸዳለ ሳቀች። ድንገተኛ ክፍል ስትሠራ ቢላ የያዘ ሰካራም አስቀምጣ ቁስሉን የሰፋች ሴት ናት፤ አንድ ታማሚ ሽማግሌ ፈርታ? ነገሩ ሌላ ነው አለች። እሳቸውን የሚወድ ግማሽ አባል አለ፣ እሷን የመረጠ ግማሽ አባል አለ። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተጋጠሙ እድሩ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ማን ማንን ይቀብራል? ለዚህ ነው የእሳቸው መኪና ባለበት ገበያ ፓርክ ሳታደርግ የምትመለሰው። ትንሹ ልጇ ኳስ የሚጫወተው በማታ ስለሆነ አሁን አታየውም፤ ይህን ስትል ብቻ ዓይኗን ወደ ሌላ መለሰች።

ስትሄድም፣ እንዳትነግራቸው አለችው። ውለታ መስሎ ከተሰማቸው ይብስባቸዋል። ዘውገ ቃል ሰጠ። ለአፉ ጠባቂ እንዲቆምለት ጠዋት ጠዋት የሚጸልይ ሰው ነው፤ ወሬ አመላላሽ ተብሎም አያውቅም፤ በዚህም በልቡ ትንሽ ይኮራ ነበር።

እሾሁን የዘለለውም ለዚህ ነው። ያን ክፍል ቢነግር ሻምበል በተዘዋዋሪ ተሰደብኩ ይላሉ ብሎ ፈራ። ስለዚህ ከከተማ ከበባው በቀጥታ ወደ ቻንግፒንግ ጦርነት አለፈ፤ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነበር። በቻንግፒንግ ሊየን ፖ ምሽጉን አጥብቆ ይዞ፣ ቺን የሚባለውን የምዕራቡን ኃይለኛ መንግሥት ጦር ሳይወጣለት አደከመው። ንጉሡ ግን ጠላት የነዛውን ወሬ ሰምቶ አበጋዙን ሻረና ጦርነትን ከመጽሐፍ የተማረ አንድ ወጣት ሾመበት። ወጣቱ ከምሽግ ወጥቶ ተዋጋ፤ ሠራዊቱ በሙሉ አለቀ። ሻምበል ይህን ሲሰሙ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ሊቀመጡ ሲነሡ ሱፊያን መልሶ አስተኛቸው።

"ይኸው! ቻይና ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ያወቀውን የእኛ ሰው አላወቀም" አሉ።

በሳምንቱ ዘውገ ሥራ ቦታ ሲገባ፣ የእድሩ አባል የሆነ አንድ የሺፍት ጓደኛው፣ እሱው ለሻምበል ያወራውን ታሪክ መልሶ ነገረው። ሻምበል ቻንግፒንግን በየቤቱ እያወሩት ነበር፤ ወጣቱ አበጋዝ ጸዳለ ሆናለች፣ የሚያልቀው ሠራዊት እድሩ ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ጉባኤ ተጠርቷል፤ ሻምበል አርባ ቤተሰብ ይዘው ሊወጡና የራሳቸውን እድር ሊያቆሙ ነው አለው። ዘውገ ያን ቀን የጆሮ ማዳመጫውን አልሰካም። በባዶ ጆሮ ምንጣፍ ሲያጥብ ዋለ። ሰውየውን ለማስደሰት ብሎ ቆርጦ የሰጠው ታሪክ ሰይፍ ሆኖ ተገኘ፤ ዝም ያለውም እሱ፣ የተናገረውም እሱ።

ሰኞ ጠዋት ሱፊያን መርፌውን በሁለተኛው ሙከራ አገባ። ሻምበል ጥርሳቸውን ነክሰው ቆዩና፣ እሑድ ንግግር አለብኝ፣ ዛሬ ደህና ጦርነት አምጣ አሉ። ዘውገ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ ዛሬ የዘለልኩትን ልመልስ አላቸው።

ጀመረ። በሊየን ፖ ዘመን ሊን ሲያንግሩ የሚባል ሰው ነበር፤ የአንድ ቤተ መንግሥት አዛዥ ቤት ተጠግቶ የሚኖር፣ ከመሳፍንት ዘር ያልሆነ፣ ሰይፍ ይዞ የማያውቅ። የቺን ንጉሥ የዣኦን የከበረ ድንጋይ አታሎ ሊወስድ ሲል ሊን ብቻውን ሄዶ በንግግር አስመለሰው። ሌላ ጊዜም ሁለቱ ነገሥታት ሲገናኙ የቺኑ የእሱን ንጉሥ ሊያዋርድ ቢሞክር፣ ሊን ፊት ለፊት ቆሞ አሳፈረው። ንጉሡ ሲመለስ ሊንን ከሊየን ፖ በላይ ሾመው።

ሻምበል ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ሊየን ፖ ምን አለ ብለው ጠየቁ። እኔ ከተማ ስይዝ ይሄ ምላሱን ነው ያንቀሳቀሰው፤ ባገኘው አዋርደዋለሁ ብሎ ዛተ አላቸው ዘውገ።

"ልክ ነዋ።"

ሊንም ይህን ሰምቶ ሸሸ። አደባባይ በሚገናኙበት ቀን ታምሜአለሁ ብሎ ይቀራል። አንድ ቀን በመንገድ ከሩቅ ሊየን ፖን ቢያይ ሠረገላውን አዙሮ ተመለሰ።

"ፈሪ" አሉ ሻምበል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"የራሱ ሰዎችም እንደዚያ ብለውት ጥለውት ሊሄዱ ነበር" አለ ዘውገ። ሊን ሰብስቦ ጠየቃቸው፤ ከሊየን ፖና ከቺን ንጉሥ የትኛው ያስፈራል? የቺን ንጉሥ አሉት። እሱን በአደባባዩ የተቆጣሁ ሰው ሊየን ፖን እፈራለሁ? ቺን አገራችንን የማይደፍረው እኔና እሱ ስላለን ነው፤ ሁለት ነብሮች ቢናከሱ ሁለቱም አይተርፉም። የምሸሸው አገሩን አስቀድሜ ቂሜን ወደ ኋላ አድርጌ ነው አላቸው። ሊየን ፖ ይህን ሰማ። ትከሻውን ገልጦ፣ ግረፈኝ ለማለት እሾህ ተሸክሞ፣ አማላጅ ይዞ ሊን ደጅ ሄደ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞት የማይለያዩ ወዳጆች ሆኑ።

ማሽኑ ይዞራል። ሻምበል ዓይናቸውን ከጣሪያው ወደ ዘውገ መለሱ።

"የእድሩ ሽማግሌዎች ናቸው የላኩህ?"

"ማንም አልላከኝም።"

"ይህን ስትዘል የከረምከው ለእኔ ነው?"

"አዎ፤ ለእርስዎ ብዬ ነው። አጥፍቻለሁ።"

ዘውገ ቁጣ ጠበቀ። ሻምበል ግን ግንባራቸውን አጨማደው፣ እንደ ልማዳቸው የወታደር ጥያቄ አመጡ።

"ማን ነገረው?"

"ለማን?"

"ለሊየን ፖ ነዋ። ሊን ያን የተናገረው በቤቱ፣ ለራሱ ሰዎች ነው። አበጋዙ ጆሮ ማን አደረሰው?"

አልተጻፈም አለ ዘውገ። 'ሰማ' ነው የሚለው።

"ሰማ!" አሉ ሻምበል በንቀት። "እኔ መድፍ ስተኩስ ጥይቱ የት እንደወደቀ የሚነግረኝ ሰው ኮረብታ ላይ ነበረኝ። ወሬ በራሱ እግር አይሄድም። አንድ ሰው ከሊን ቤት ተነሥቶ ሄዷል። እሱ ባይሄድ ሁለቱ ተያይዘው ያልቁ ነበር፤ አየህ፣ ስሙን እንኳ አልጻፉለትም።"

ዘውገ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማው ቆጥሮ አይጨርሰውም፤ ያን ሰው ግን አስቦት አያውቅም ነበር። ምናልባት ወጥ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ወይ ፈረስ ያዥ። ምናልባት እንዳትናገር ተብሎ ቃል የገባ ሰው ነው። ዘውገ ደግሞ አፌን ጠበቅሁ እያለ ሲኮራ፣ የጠበቀው ክፉውን ወሬ ብቻ ሳይሆን ደጉንም ነበር። ቃሉን ማፍረሱን ለንስሓ አባቱ እነግራለሁ፣ ለጸዳለም ዛሬውኑ ደውዬ እነግራታለሁ አለ በልቡ፤ ከዚያም ፓርኪንግ ውስጥ የሰማውን ሁሉ፣ አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይዘል ነገራቸው። ክንዳቸውን አይዘረጉልኝም፣ እቤታቸው ይቀራሉ ያለችውን። ከገበያ ፓርክ ሳታደርግ የምትመለስበትን። ማን ማንን ይቀብራል ያለችውን።

የደም ግፊቱ መለኪያ በራሱ ጊዜ ቀኝ ክንዳቸውን ጨመቀና ጮኸ። ሱፊያን መጥቶ ቁጥሩን አየ፤ ምን ነገርካቸው የሚል ዓይን ወደ ዘውገ ወርውሮ ሄደ።

ሻምበል መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ልጁ ነበር።

"ትንሹን ነው የማታየው?"

"ትንሹን። ኳስ ይጫወታል።"

"ሸሸች ብያለሁኮ። በየቤቱ እየዞርኩ።"

ሻምበል የበለዘውን ክንዳቸውን አዩ። ድንጋይ ልሸከም እንዳይሉ ይህ ክንድ ከሦስት ኪሎ በላይ እንዳያነሣ ተከልክሏል፤ ይህን ሲሉ ሊስቁ ቃጣቸው፣ አልሆነላቸውም። ዘውገ ሽማግሌ ልሰብስብ፣ ቤቷ እንሂድ አላቸው። እምቢ አሉ። ሽማግሌ የተላከባት ሴት እምቢ ማለት አትችልም፤ አገር ይታዘባታላ። ይቅርታ መጠየቅ ሳይሆን ማስገደድ ነው። እምቢ ማለት የምትችልበት ቦታ መሆን አለበት አሉ።

ሱፊያንን በእጃቸው ጠሩት።

"ረቡዕ ማታ ባዶ ወንበር አለ?"

ሱፊያን ሄዶ ቼክ አደረገ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ አለ አላቸው፤ ግን የዚያ ሺፍት ነርስ... ብሎ ቆመ።

"ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ዛሬ ስትገባ ንገራት። ማኑ ክንዱን ይዞ አንቺ ጋ ሊመጣ ይፈልጋል በላት። አልወጋም ካለች መብቷ ነው፤ ሌላ ሰው ይውጋኝ። እሺ ካለችም ከዚያ በኋላ ማታ ልጇን እንድታይ ወደ ጠዋቷ ትመለስ፤ እኔ ማታ እቀራለሁ።"

ዘውገ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደሚሆን፣ ሺፍት መቀየር እንዳለበት ጀመረ። አያስፈልግም አሉት፤ ታክሲ የሚሉት ነገር እንዳለ ረሳኸው? ብቻዬን ነው የምሄደው።

ዘውገ ተመስገን አለ በውስጡ። ግን አልጨረሰም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጨርስ ዝም ማለትን የለመደ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን አንደበቱ አንዴ ስለተፈታ፣ "እሑድስ ሻምበል?" አለ።

እሑድ አልወጣም፣ ሰዎቼም አይወጡም፣ እቤቴ እቀመጣለሁ አሉ። ረቡዕ ክንዴን ሰጥቻት እሑድ ደግሞ ምን ቀረ?

"የሰደቧት ክሊኒክ ውስጥ አይደለም" አለ ዘውገ ቀስ ብሎ። "በሁለት መቶ ሰው ፊት ነው።"

ሻምበል ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መሰለ። ዘውገ አልደገመውም፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ማሽኑ የቀረውን ጊዜ እየቆጠረ ከአንድ ሰዓት ወደ አርባ ደቂቃ ወረደ፤ ከአርባ ወደ ሃያ። ሱፊያን መጥቶ ቱቦውን ሲፈታ፣ ጥጥ አድርጎ ሲጫን፣ ሻምበል ዓይናቸውን ገለጡ።

"አዳራሹ ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ስነሣ ትደግፈኛለህ" አሉት። "እዚያው በሰደብኳት ቦታ ቆሜ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ።"

ዘውገ እሺ አለ።